በጽሑፍ የሚካሄድ ጌም ይሻለናል ወይስ ባለ ምስል?

ጠያቂ (ጅማ፣ ኮቺ)፦
ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሆነን፣ ብዙ ሰው በኢንተርኔት አንድ ላይ የሚሳተፍበትንና እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ገጸ ባህርይ የሚያሳድግበትን ጌም ለመጀመር አስበናል። ያለን ላፕቶፕ አሮጌ ነው፤ ራሙ 4 ጊጋባይት ሲሆን ኢንተርኔት የምናገኘውም ከስልክ በሆትስፖት ነው። አንደኛው ጓደኛዬ ባለ ምስል ካልሆነ አልጫወትም ይላል። እኔ ግን በጽሑፍ ብቻ የሚካሄዱት «መድ» የሚባሉት ዳታ ይቆጥባሉ ብዬ አስባለሁ። ልዩነቱን የምታውቁ ብታስረዱኝ።

የሄርማታው፦
ዳታን በተመለከተ ግማሹን ብቻ አግኝተውታል። 24 መስመር ያለውና በእያንዳንዱ መስመር 80 ፊደል የሚይዝ ሙሉ ገጽ 2 ኪሎባይት እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ በየ10 ሰከንዱ አንድ ገጽ ቢደርስዎ የሰዓቱ ጽሑፍ ከ1 ሜጋባይት በታች ነው። ሆኖም ባለ ምስሉም ቢሆን በጨዋታው ሰዓት ብዙዎች እንደሚገምቱት ዳታ አይበላም፤ ምክንያቱም ሥዕሎቹ አስቀድመው በኮምፒውተርዎ ላይ ስለሚጫኑ ሰርቨሩ (ጌሙን የሚያስተናግደው ዋና ኮምፒውተር) የሚልከው ማን የት እንደቆመና ምን እንዳደረገ የሚገልጽ መረጃ ብቻ ነው። ኪስ የሚያራቁተው መጀመሪያ የሚወርደው ፋይልና በየጊዜው የሚመጣው ማሻሻያ ነው። ለምሳሌ በ2004 የወጣው ወርልድ ኦቭ ዋርክራፍት በአሥር የሚቆጠሩ ጊጋባይት ይፈልጋል፤ ይህን በሆትስፖት ማውረድ እኔ ለጠላቴም አልመክርም።

የጥገና ባለሙያ (ፈረንጅ አራዳ)፦
በዚያ ላፕቶፕ አዳዲሶቹ ባለ ምስል ጌሞች ይንቀረፈፋሉ። ጓደኛዎ በምስሉ ከጸና ሩንስኬፕን ይመልከት፤ ከ2001 ጀምሮ ያለ ሲሆን «ኦልድ ስኩል» የተባለው ዓይነቱ ከ2018 ወዲህ በስልክም ይሠራል፤ ያለ ክፍያ የሚጫወቱት ክፍልም አለው። ወርሃዊ ክፍያ በዶላር የሚጠይቁትን ግን፣ የውጭ ምንዛሪ ካርድ ለሌለው ሰው ባይጀምሯቸው ይሻላል።

ጠያቂ፦
አንድ ነገር ሳልገልጽ ቀርቻለሁ። ሦስተኛው ጓደኛችን ዓይነ ስውር ነው።

የሄርማታው፦
እንግዲያው ይህን አስቀድመው ቢነግሩን ኖሮ ክርክሩ ባጠረ ነበር።

ዓይነ ስውር ተጫዋች፦
እኔ ራሴ የምጫወተው መድ ነው። ኤንቪዲኤ የተባለው ነፃ የስክሪን ማንበቢያ ፕሮግራም የሚመጣውን ጽሑፍ በድምፅ ያነብልኛል፤ ክፍሉ፣ ጠላቱና መውጫ በሩ ሁሉ በቃላት ስለሚገለጹ፣ ዓይናማው የሚያውቀውን እኔም አውቃለሁ። ይህ ዓይነት ጌም የተጀመረው በ1978 በእንግሊዝ ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ሮይ ትራብሾ የጀመረውን ሪቻርድ ባርትል አስፋፍቶታል። ለዓይነ ስውራን ታስቦ አልተሠራም፤ ነገር ግን ለእኛ ከተሠሩት ከብዙዎቹ ይልቅ ይመቸናል። ችግሩ ቋንቋው ነው፤ አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ከመሆናቸውም በላይ ጽሑፉ በውጊያ ጊዜ እንደ ጎርፍ ይወርዳል። በአማርኛ ልናወራ ብንልም የቆዩት ሰርቨሮች የግዕዝ ፊደልን ስለማያውቁ በምትኩ የጥያቄ ምልክት ያሳያሉ። ስለዚህ እርስ በርስ የምትነጋገሩት በቴሌግራም ቢሆን ይሻላል።

የጥገና ባለሙያ፦
ሁለት ጥንቃቄ ልጨምር። ብዙዎቹ መዶች ቴልኔት በተባለው አሮጌ የጽሑፍ መገናኛ ዘዴ ስለሚሠሩ የይለፍ ቃሉ ሳይመሰጠር ይጓዛል፤ በሌላ ቦታ የምትጠቀሙበትን የይለፍ ቃል እዚያ አታስገቡ። ሁለተኛው የመብራት ጉዳይ ነው፤ ግንኙነቱ ሲቋረጥ ገጸ ባህርይው በብዙዎቹ ወዲያው ስለማይጠፋ ጠላት ፊት እንደቆመ ሊሞት ይችላል። ለመገናኘት ማድሌት የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ይጫኑ።

ጠያቂ፦
ማድሌትን ጫንሁ፤ ነገር ግን የሰርቨሩን ስም ጽፌ አልገናኝ አለኝ።

የጥገና ባለሙያ፦
የፖርት ቁጥሩን (በሰርቨሩ ላይ ጌሙ የሚገኝበትን መግቢያ የሚያመለክተውን) ያስገቡት በትክክል ነው? የቴልኔት መደበኛው 23 ቢሆንም መዶች አብዛኛውን ጊዜ በሌላ ቁጥር ነው የሚከፈቱት፤ ቁጥሩን በጌሙ መግለጫ ላይ ያገኙታል።

ጠያቂ፦
ስህተቱ እሱ ነበር፤ 23 ብዬ ጽፌ ነበር። ሦስታችንም ገብተናል። ባለ ምስል ካልሆነ ያለው ጓደኛዬ ጽሑፉ ፈጠነብኝ እያለ ነው፤ ዓይነ ስውሩ ግን ከሁላችንም ቀድሞ መንገዱን አግኝቷል።

ዓይነ ስውር ተጫዋች፦
«ብሪፍ» የሚለውን ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፍ፤ ብዙዎቹ መዶች ስለሚቀበሉት የክፍሎቹ ገለጻ ያጥርለታል።