ሲነሳ የሚንዘፈዘፍ፣ ከፍ ብሎም የሚይዝ ፍሪሲዮን፦ ከጅማ የቀረበ ጥያቄና መልሶቹ

ጥያቄ፦ መምህርት ከጅሬን

ጤና ይስጥልኝ። የምነዳው ማርሹ ማኑዋል፣ ፍሪሲዮኑ (ሞተሩን ከማርሹ የሚያገናኘውና የሚለያየው ክፍል) በኬብል የሚሠራ፣ ሞተሩ 1.2 ሊትር የሆነ አነስተኛ የቤት መኪና ነው። ካለፈው ክረምት ወዲህ ሁለት ችግሮች አብረው ታይተውበታል። አንደኛው፣ በአንደኛ ማርሽም ሆነ በኋላ ማርሽ ለመነሳት ፔዳሉን ቀስ እያልሁ ስለቅ መኪናው ከወለሉ እስከ መሪው ድረስ ይንዘፈዘፋል፤ ፔዳሉ ሙሉ በሙሉ ከተለቀቀ በኋላ ግን ንዝረቱ ይጠፋል። ሁለተኛው፣ ቀድሞ ፔዳሉ እኩሌታ ላይ ሲደርስ ይይዝ የነበረው ፍሪሲዮን አሁን የሚይዘው እግሬን አንስቼ ልጨርስ ስል ነው። ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚያወጣው ዳገት ላይ፣ እንዲሁም ሐሙስ በገበያ ቀን በመርካቶ አካባቢ እየቆምሁ እየተነሳሁ ስሄድ ይብስበታል። አንድ ጋራዥ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ወርዶ ሁሉም ነገር ይቀየር ሲለኝ፣ ሌላው ኬብሉን ማጥበቅ ብቻ ይበቃል አለኝ። ሁለቱ ምልክቶች ምንጫቸው አንድ ነውን? ካምቢዮው ከመውረዱ በፊትስ ምን ማረጋገጥ ይቻላል?

መልስ፦ የአጋሮ መስመር ሾፌር

እህቴ፣ እንደ እኔ ግምት ሸራው (በፍሪሲዮኑ ዲስክ ላይ ያለው የሚፋተግ ንጣፍ) አልቋል። ከፍ ብሎ የሚይዝ ፍሪሲዮን አብዛኛውን ጊዜ ሸራው የሳሳ ነው። ገንዘብ ካጠረ ባለ ሸራውን ዲስክ ብቻ ቀይረው ሌላውን ለጊዜው ማቆየት ይችላሉ።

መልስ፦ መካኒክ፣ ፈረንጅ አራዳ

የወንድማችን ግምት ለከፍታው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ንዝረቱን ግን አያስረዳም። ሸራ እኩል እየሳሳ ሲያልቅ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል እንጂ የግድ አይንዘፈዘፍም። ስለዚህ ሁለቱን ምልክቶች ለየብቻ እንመርምራቸው።

በመጀመሪያ ስለ ከፍታው። ሸራው በሳሳ ቁጥር ዲስኩን የሚጫነው ፕሬሸር ፕሌት ወደ ቮላኖው (ከሞተሩ ጋር ወደሚዞረው ከባድ የብረት ጎማ) ይጠጋል፤ በዚህ ጊዜ ፕሌቱን የሚገፋው የዳያፍራም ስፕሪንግ ጣቶች በተቃራኒው ወደ ኩሽኔታው (ፔዳሉ ሲረገጥ ጣቶቹን ወደሚገፋው ክፍል) ይወጣሉ። ያ እንቅስቃሴ የኬብሉን ልልነት እየበላው ስለሚሄድ ፔዳሉ ገና ትንሽ ሲረገጥ ይለቃል፤ ሲለቀቅም የሚይዘው ከላይ ይሆናል። ከዚህ የተነሣ ኬብሉን አጥብቁ የሚለው ምክር የተገላቢጦሽ ነው። ማጥበቅ የመያዣውን ቦታ ይበልጥ ከፍ ያደርገዋል፤ ጭራሽ ልልነት ሲጠፋም ኩሽኔታው ጣቶቹን ዘወትር እየገፋ ሸራው በሙሉ ኃይል እንዳይያዝና እንዲቃጠል ያደርጋል። መደረግ ያለበት ፔዳሉን በእጅ ገፍቶ ሳይከብድ በባዶ የሚወርድበትን ርቀት መለካት ነው። በብዙ ባለ ኬብል መኪኖች ይህ ርቀት ከ15 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ የእርስዎ መኪና መመሪያ መጽሐፍ የሚለው ግን ይቀድማል። ባዶ ጉዞው ከጠፋ ኬብሉ ይላላ። ልኩ ተስተካክሎ ሳለ አሁንም ከላይ ከያዘ፣ ወይም የኬብሉ ማስተካከያ ጥርስ አልቆ ከዚያ በላይ ማላላት ካልተቻለ፣ ያኔ ሸራው እንዳለቀ መናገር ይቻላል።

መንሸራተቱን ለማወቅ ወደ ሰርቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ትራፊክ ሳይኖር፣ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄዱ አራተኛ ማርሽ ያስገቡና ዳገት ላይ ነዳጁን ሙሉ ይርገጡ። የሞተሩ ዙር ከፍ ብሎ ፍጥነቱ ካልተከተለ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ደጋግመው አይሞክሩት፤ እያንዳንዱ ሙከራ ሸራውን ያሞቀዋል።

ስለ ንዝረቱ የምጠይቅዎት ሌላ ነው። ከካምቢዮውና ከሞተሩ መገጣጠሚያ ሥር፣ ከታች በኩል፣ ዘይት ይታያል? ሸራ ላይ ዘይት ከነካ ቦታ ቦታ እየያዘና እየለቀቀ መንዘፍዘፉ አይቀርም፤ ምን ያህል ውፍረት ቢቀረውም አይጠቅምም።

መልስ፦ የአውቶሞቲቭ አሠልጣኝ

ጋሼ የጻፉት ትክክል ነው። እኔ ሁለት ነገር ልጨምር። ጅማ ዝናብ የሚበዛባት ከተማ እንደመሆኗ፣ ሌሊቱን ውጭ ያደረ መኪና ቮላኖ ላይ ስስ ዝገት ይይዝና ጠዋት በመጀመሪያዎቹ መነሻዎች ላይ ጥቂት ይንዘፈዘፋል። ይህ ከጥቂት መነሳት በኋላ ይጠፋል፤ የጠያቂዋ ግን ሲሞቅ የሚብስ በመሆኑ ከዚህ የተለየ ነው። በሙቀት የሚብስ ንዝረት ወደ ዘይት፣ ወደ ተቃጠለና እንደ መስተዋት ወደ ለሰለሰ ሸራ፣ ወይም ሰማያዊ የቃጠሎ ነጠብጣብ ወዳለው ቮላኖ ያመለክታል።

ሁለተኛው የሞተር መያዣ ጎማ ነው። ካምቢዮ አውርደው አዲስ ፍሪሲዮን ከገጠሙ በኋላ ንዝረቱ እንዳለ የሚቀርባቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ይህንን ያላዩ ናቸው፤ ስለዚህ አጥብቄ አሳስባለሁ። ኮፈኑ ተከፍቶ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ የእግር ፍሬንም ተረግጦ፣ ረዳት ሰው በጎን ቆሞ እያየ (ከመኪናው ፊትም ሆነ ኋላ ማንም አይቁም) ሹፌሯ በአንደኛ ማርሽ፣ ቀጥሎም በኋላ ማርሽ፣ ፔዳሉን እስኪይዝ ድረስ ለአፍታ ትልቀቅ። ጤነኛ ሞተር ጥቂት ዘንበል ብሎ ይቆማል፤ ጎማው የተቀደደ ሞተር ግን በኃይል ይዘላል።

ምላሽ፦ መምህርት ከጅሬን

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የፔዳሉ ባዶ ጉዞ ጭራሽ አልነበረም። ኬብሉ ሲላላ የሚይዝበት ቦታ ወርዶ ወደ መሐል ተጠግቷል፤ ንዝረቱ ግን ምንም አልተለወጠም። ዳገት ላይ በአራተኛ ማርሽ ሲሞከር የሞተሩ ዙር ፍጥነቱን ጥሎ ጥቂት ይሸሻል። የሞተር መያዣዎቹ ደህና ናቸው ተብሏል። ከመገጣጠሚያው ሥር ግን እርጥብ ዘይት አለ፤ ቀለሙ ጠቁሯል።

መልስ፦ መካኒክ፣ ፈረንጅ አራዳ

እንግዲህ መልሱ ወደ አንድ ቦታ እየጠበበ ነው። የካምቢዮ ዘይት ወፈር ያለና የድኝ ዓይነት ሽታ ያለው ነው፤ የጠቆረ ቀጭን ዘይት የሞተር ነው። ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት ግን ላይኛው የቫልቭ ክዳን ይታይ። ጓርኒሲዮኑ (የክዳኑ ማሸጊያ) የሚያፈስስ ከሆነ ዘይቱ በሞተሩ ጀርባ ወርዶ እዚያው መገጣጠሚያ ላይ ስለሚንጠባጠብ ያሳስታል። አካባቢውን በደንብ አጥበው አድርቀው ከነዱ በኋላ ከላይ ደረቅ፣ ከታች እርጥብ ሆኖ ከተገኘ፣ የሚያፈስሰው ከክራንክ ዘንጉ (ከሞተሩ ዋና ዘንግ) ኋላ ያለው ኦይል ሲል፣ ማለትም የዘይት ማገጃው ቀለበት፣ ነው።

ያ ከተረጋገጠ ካምቢዮው ይወርዳል፤ ዲስክ ብቻ ቀይሩ በሚለው ግን አልስማማም። ዋናው ድካም ማውረዱ ስለሆነ ዲስኩ፣ ፕሬሸር ፕሌቱና ኩሽኔታው አንድ ላይ ይቀየሩ። ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ታጥቦም ሆነ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ አይድንም። አዲስ ሸራ የተለጠፈበት አሮጌ ዲስክ ቢያቀርቡልዎትም አይቀበሉ፤ ውፍረቱ እኩል ካልሆነ ንዝረቱን እንደገና ይዞት ይመጣል። ኦይል ሲሉ ሳይቀየር ካምቢዮው እንዳይመለስ፤ የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦም ይታይ፤ ተደፍኖ ከሆነ የውስጡ ግፊት አዲሱንም ኦይል ሲል ያስለቅሰዋል። ቮላኖው ላይ የቃጠሎ ነጠብጣብ ወይም ስንጥቅ ካለ ወደ ቶርኖ ቤት (ብረት በማሽን ወደሚላጭበት) ይላክ፤ ሲላጭ ግን ከአምራቹ ወሰን በታች እንዳይሳሳ። የስንጥቁ ጥልቀት ከዚያ ካለፈ መላጨቱ ቀርቶ ይቀየር።

ሲገጠም የቮላኖው ፊት በፍሬን ማጽጃ ፈሳሽ ይታጠብ፤ ጣትም እንኳ ቅባት እንዳያስነካው። የካምቢዮው ዘንግ ጥርስ ላይ የሚቀባው ግሪስ እጅግ ስስ ይሁን፤ ከበዛ በሽክርክሪቱ ተረጭቶ አዲሱን ሸራ ያበላሻል። ብሎኖቹ በዲያጎናል፣ በየተራ፣ በጥቂት በጥቂቱ ይጠበቁ፤ አንድ ጎን ቀድሞ ከጠበቀ ፕሌቱ ይጣመማል። አዲሱ ሸራ ወፍራም ስለሆነ የዳያፍራሙ ጣቶች ወደ ውስጥ ይመለሳሉ፤ ስለዚህ አሁን ያላላነው ኬብል በልኩ እንደ አዲስ ይስተካከል። የመጀመሪያዎቹን 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ከባድ ጭነትና ዳገት ላይ በግማሽ ፍሪሲዮን መቆምን ይተዉ፤ ከዚያም ባዶ ጉዞው አንድ ጊዜ ተመልሶ ይለካ።