ድምፅ ማጉያዎቹን ሳሎናችን ውስጥ የት እናስቀምጣቸው?

ከባለቤቴ ጋር ለሦስት ወራት ተነጋግረንበት መፍትሔ ያላገኘንለትን ጉዳይ ላማክራችሁ እወዳለሁ። ከአባቴ የወረስኳቸውን፣ በ1960ዎቹ በአምሃ ሬከርድስ የታተሙ ሸክላዎች በሚገባ ለማዳመጥ፣ ወለል ላይ የሚቆሙ ሁለት ትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች ለመግዛት ገንዘብ አጠራቅሜያለሁ፤ የኮንዶሚኒየም ሳሎናችን ግን 3 ሜትር ተኩል በ4 ሜትር ብቻ ነው። ማጉያ ወደ ግድግዳና ወደ ጥግ ሲጠጋ ወፍራሙ ድምፅ ከልክ በላይ ስለሚጎላ፣ በእኔ ግምት ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት መውጣት አለበት። ያ ቦታ ደግሞ ባለቤቴ ረከቦቷን አቅርባ ቡና የምታፈላበት፣ እናቷም ሲመጡ የሚቀመጡበት ነው። ሳሎኑ የእኔ ብቻ ስላልሆነ ቅሬታዋ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። እርሷ ቡፌው ላይ የሚቀመጡ ትንንሾችን ትመርጣለች፤ እኔ ቡፌው ከነብርጭቆዎቹ እንዳይንቀጠቀጥ እሰጋለሁ። በማቆሚያ ላይ የሚውሉ፣ ትዊተራቸው (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ክፍላቸው) ከተቀመጠ ሰው ጆሮ ጋር የሚስተካከል መካከለኛ ማጉያዎች ያስማሙን ይሆን? ወፍራም መጋረጃና ምንጣፍ የሚያስተጋባውን ድምፅ ስለሚቀንሱ፣ የእነርሱን ምርጫ ሙሉ በሙሉ ለእርሷ ትቻለሁ። በእንዲህ ያለ ጠባብ ሳሎን ውስጥ ከትዳር አጋራችሁ ጋር የተስማማችሁ፣ ማጉያዎቹን ከግድግዳው ምን ያህል እንዳራቃችሁ ብትነግሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።