የእናቴ የጉልበት ኤምአርአይ ውጤት፦ ኦፕራሲዮን የግድ ነው?

ጤና ይስጥልኝ። የአጥንት ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት የሆናችሁ፣ በዚህ ያለፋችሁም፣ እባካችሁ ሐሳብ ስጡኝ።

እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ቀኝ ጉልበቷን ካመማት ቆይቷል። ደረጃ የምትወርደው ግድግዳ ተደግፋ፣ አንድ እግሯን እያስቀደመች ነው። ስግደትም ትታለች፤ ይሄ ከህመሙ በላይ ያንገበግባታል።

ውጤቱ እንዲህ ይላል፦ የውስጠኛው ሜኒስከስ (በጉልበት አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ ያለው ክፍል) የኋላ ክፍል ላይ ግሬድ 3 (እስከ ሜኒስከሱ ገጽ የደረሰ) ቅዳጅ፣ የካርቲሌጅ (የአጥንቱን ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳ ሽፋን) መሳሳት፣ ትንሽ ቤከርስ ሲስት (ከጉልበት ኋላ የሚወጣ ፈሳሽ የያዘ እብጠት)። ኤሲኤል የሚባለው የጉልበቷ ጅማት ደህና ነው።

አንዱ ሐኪም በአርትሮስኮፒ (በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ በሚደረግ ኦፕራሲዮን) ይሠራ አሉን። ሌላኛው ደግሞ ይህ ቅዳጅ ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ስለሆነ መጀመሪያ ፊዚዮቴራፒ ትሞክር፣ የጭኗ ጡንቻ ይጠንክር አሉ። ግራ ገባን። ወድቃ አታውቅም፣ ጉልበቷም ተቆልፎባት አያውቅም። ማጠፍና መዘርጋት ትችላለች። ብዙ ከቆመች ግን ያብጣል።

ግሬድ 3 ማለት የግድ ኦፕራሲዮን ነው? ካርቲሌጁ ከሳሳ፣ ሜኒስከሱን ብቻ መነካካቱ ህመሙን ያስታግሳል? ፊዚዮቴራፒውስ ምን ያህል ጊዜ ተሞክሮ ነው አልሠራም የሚባለው? ስኳር ስላለባት የቁስሉ ነገር ያስፈራኛል። ህመምና እብጠት ለመቀነስ ጉልበት ውስጥ የሚወጋው ኮርቲዞንም ስኳር ከፍ ያደርጋል። በቀጣዩ ቀጠሮ ሐኪሙን ምን ምን ልጠይቅላት?