ብሪክስ የራሱ የቴሌስኮፕ መረብ ያስፈልገዋል?

ጠያቂ፦ የብሪክስ አገሮች፣ ማለትም ብራዚል፣ ሩሲያ፣ ሕንድ፣ ቻይና፣ ደቡብ አፍሪካና ሌሎችም፣ ቴሌስኮፖቻቸውን በአንድ መረብ የማያያዝ ዕቅድ አላቸው። ያዋጣል? ወይስ ገንዘቡን ሀብታሞቹ በሚመሩት ፕሮጀክት ላይ ማዋል ይሻላል? ሐሳባችሁን ወዲህ በሉ።

ተቃዋሚ፦ እኔ አልስማማም። ብሪክስ የፖለቲካና የንግድ ስብስብ ነው። ሥነ ፈለክ የሚፈልገው ጥርት ያለ ሰማይና ጥሩ መሣሪያ ነው። ቺሊን እዩ። በረሃዋ ላይ የተተከሉት ግዙፍ ቴሌስኮፖች በአብዛኛው የሌሎች ናቸው። ቦታውን ስለሰጠች ግን ተመራማሪዎቿ 10 በመቶ ገደማ የምልከታ ጊዜ ያገኛሉ። ምን ጎደለባት?

ደጋፊ፦ ወንድሜ፣ ሁሉም አገር የቺሊ ዓይነት በረሃ የለውም። ሌላው ማመልከቻ አስገብቶ፣ ከዓለም ሁሉ ጋር ተወዳድሮ ነው ጥቂት ሌሊት የሚያገኘው። ያን ሌሊት ደመና ከሆነ አለቀ። ደግሞ ድንገት የፈነዳ ኮከብ ቀጠሮ አያውቅም፤ ሳይቋረጥ መከታተል ያስፈልጋል። ቻይና ሲነጋ ሕንድ ገና ጨለማ ነው። ሕንድ ሲነጋ ደቡብ አፍሪካ ይቀበላል፣ ከዚያ ብራዚል። ይህን አንድ አገር ብቻውን አይችለውም።

ተቃዋሚ፦ እሺ፣ ይቺ ታስኬዳለች።

ኢንጂነሩ፦ ሁለታችሁም የረሳችሁት ሰውን ነው። ጋና ኩንቱንሴ ላይ 32 ሜትር ስፋት ያለው የሳተላይት ስልክ ዲሽ ነበር። የባሕር ሥር ፋይበር ሲመጣ ሥራ ፈታ። ከደቡብ አፍሪካ ጋር ሆነው ራዲዮ ቴሌስኮፕ፣ ማለትም ከሰማይ የሚመጣ የራዲዮ ሞገድ የሚቀበል መሣሪያ፣ አደረጉት፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ተመረቀ። ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። የስልክ ዲሽ አንድ ቦታ ላይ አፍጥጦ ነው የሚውለው። ኮከብ ግን ከአድማስ አድማስ ይሄዳል። ዲሹ ቀስ እያለ እንዲከተለው እንቅስቃሴውንም መቆጣጠሪያውንም መልሶ መሥራት ግድ ነው። ይህን የሠራ ቴክኒሻን ነገ ሌላውንም ይሠራል። የምልከታ ሰዓት በመከራየት ይህ አይገኝም።

ደጋፊ፦ ሚርካት የሚባለውን ራዲዮ ቴሌስኮፕም ጨምርበት። ደቡብ አፍሪካ ካሩ በሚባለው ደረቅ አካባቢዋ 64 ዲሾች ተክላ በ2018 አስመረቀች። አሁን ኤስኬኤ የሚባለው ዓለም አቀፍ ቴሌስኮፕ አካል ሊሆኑ ነው። ባዶ እጇን አልገባችም።

ተቃዋሚ፦ የኤስኬኤ ዋና መሥሪያ ቤት ግን እንግሊዝ ነው። በብሪክሱ መረብ ደግሞ ቻይና ጌታ መሆኗ አይቀርም። ባለ 500 ሜትሩ ራዲዮ ቴሌስኮፕ ፋስት እኮ የእሷ ነው።

ደጋፊ፦ ፋስት ከ2021 ጀምሮ ለውጭ አመልካቾችም ክፍት ነው።

ተቃዋሚ፦ ክፍት መሆኑና እኩል መሆኑ ለየቅል ነው። ዳታው የት እንደሚቀመጥ፣ ማን ቀድሞ እንደሚያየው በውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ። ያኔ እደግፋለሁ።