የጣሊያን ዘመን አካፋ፦ ማህተሙን ሳላጠፋ ዝገቱን እንዴት ላስለቅቅ?

ሰላም ወገኖች፤ የምጽፈው ከደሴ ነው። አያቴ ያቆዩት አጭር የወታደር አካፋ እጄ ላይ አለ። ደሴ በ1933 ዓ.ም. ሚያዝያ ከጣሊያን እጅ ስትወጣ የተረፈ ነው ይሉ ነበር። አንገቱ ላይ ከዝገቱ ሥር የተመታ ማህተም ይታያል፤ ፊደሎቹ ግን አልለይ ብለውኛል።

ብየዳ ቤት ብወስደው «በግራይንደር ልላጠው» አሉኝ፤ እምቢ አልኩ። ማህተሙ ከጠፋ ታሪኩም አብሮ ይሄዳል! በነጭ ጋዝ አርሼ በናስ ሽቦ ብሩሽ ስፈትገው ቀዩ ዱቄት ለቀቀ። ሚስማሮቹ ዙሪያ ያለው ጥቁር ቅርፊት ግን እንደ ድንጋይ ነው።

አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፈው የሚሉኝ አሉ። አሲድ ዝገቱን ከጨረሰ በኋላ ደህናውን ብረትም ስለሚበላ ፈራሁ፤ እጀታውም በሚስማር ስለተመታ አይወጣም። እንጨቱን ሳላርስ ብረቱን ብቻ በአቼቶ በራሰ ጨርቅ ብጠቀልለው ይሆናል? ስንት ሰዓት ላቆየው? ከዚያስ ቤኪንግ ሶዳ በሟሟበት ውሃ አጥቤ ወዲያው ዘይት ብቀባው ይበቃል? የክረምቱን ጉም ታውቁታላችሁ፤ የተራቆተ ብረት ወዲያው ይዝጋል።

ለተሰነጣጠቀው እጀታ የተልባ ዘይት አስቤያለሁ። የሞከራችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።