የወንድሜ ዓይን ቢጫ ሆኗል፤ የአእምሮ መድኃኒቱን እናቋርጥ?

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ ታናሽ ወንድሜ ክሎርፕሮማዚን ከጀመረ ሦስት ሳምንቱ ነው። የሚሰማው ድምፅ ቀንሶለት፣ እንቅልፉም ተመልሶለት ነበር። ከዓርብ ወዲህ ግን የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆነ፤ ሽንቱ እንደ ወፍራም ሻይ ጠቁሯል፤ ሌሊቱን ሲያክ ያድራል። አንድ ጤና ተቋም ብወስደው፣ የሚወስደውን መድኃኒት ሲሰሙ «የጭንቀቱ ነው» ብለው ዓይኑን እንኳ ሳያዩ መለሱን። እናታችን ደግሞ «የወፍ በሽታ ነው» ብላ ሥር የሚምስ ሰው ልታስጠራ ነው።

መልስ (የአእምሮ ጤና ነርስ፣ ደሴ)፦ እህቴ፣ ነገ አትበይ። የሚቀጥለውን ኪኒን ሳይውጥ ዛሬውኑ ሆስፒታል ይድረስ። ክሎርፕሮማዚን በአንዳንድ ሰው ላይ የሐሞትን ፍሰት ያግዳል፤ ይህም በአብዛኛው የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው፤ ማሳከኩም ከዚያ ይመጣል። ሆኖም ሁሉን በመድኃኒቱ ላይ አትጣሉት፤ ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት ቫይረስ በአገራችን ብዙ ሰው ላይ አለ፣ ለዓመታትም ሳይታወቅ ይቆያል። የጉበት ምርመራ፣ የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ምርመራም ይታዘዝለት። ሐኪሙ መድኃኒቱን ካስቆመው ምን እንደሚተካለት ሳትጠይቂ አትውጪ፤ ያለ ምትክ ከቆመ ሕመሙ ሊያገረሽበት ይችላል። ስትገቢም መጀመሪያ የምትናገሪው ስለ ዓይኑና ስለ ሽንቱ ይሁን።

መልስ (እናት፣ ከወልዲያ)፦ ልጄ፣ ነርሷ እውነቷን ነው። የእኔ ልጅ የአእምሮ ታካሚ ነው፤ አረቄም ለዓመታት ጠጥቷል። ቀን እየተኛ ሌሊት ሲቃዥ፣ ንግግሩም ሲዘበራረቅ «ተመለሰበት» ብለን ጠበል ይዘነው ወጣን። በኋላ አንድ ሐኪም «እጅህን ዘርጋ» ቢለው መዳፉ እንደ ክንፍ ተርገበገበ። ለካ ጉበቱ ደክሞ ሊያጣራው ያልቻለው መርዝ ወደ አንጎሉ ደርሶ ኖሯል! ወንድምሽ ከደነዘዘ፣ ደም ካስታወከ ወይም ሆዱ ከተነፋ ሌሊትም ቢሆን አትጠብቂ።

መልስ (ከኮምቦልቻ)፦ እኔ ኦላንዛፒን የሚባለውን የአእምሮ መድኃኒት ስወስድ ክብደቴ ጨምሮ ጉበቴ ላይ ስብ ተገኝቶብኛል፤ አሁን በየጊዜው እመረመራለሁ። የኪኒኖቹን ማሸጊያ ሁሉ ያዢ። ፓራሲታሞል ወስዶ፣ ጫት ቅሞ ወይም ሥር ጠጥቶ ከሆነ ሳታፍሪ ተናገሪ፤ ሦስቱም ጉበት ሊጎዱ ይችላሉ። አብሽሪ፣ በጊዜ ከተደረሰበት ብዙ ሰው ይድናል።

ጠያቂዋ፦ አላህ ይስጣችሁ። ደሴ ደርሰናል። ቢሊሩቢኑ (ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው በደም ውስጥ ያለ ነገር) ከፍ ብሎ ተገኘ፤ መድኃኒቱን ቀየሩለት፤ የሄፓታይተሱ ውጤት ነገ ይደርሳል። እናቴም ሥሩን ትታ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጣ እጁን ዘርጋ እያለች ታየዋለች።