የ9ኛ ክፍል የዜግነት ትምህርት፦ ሃይማኖት ሲነሳ ክፍሉን እንዴት ልምራው?

ጥያቄ (መምህርት፣ ባሕር ዳር)

እንዴት ሰነበታችሁ? በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። ሥነ ምግባር ከየት ይመነጫል ብዬ ስጠይቅ ተማሪዎቼ ቀጥታ ወደ ሃይማኖት ይሄዳሉ። መሄዳቸው አይደንቀኝም፤ ደጉን ከክፉ የለዩት እዚያ ነው። የከበደኝ አብዛኞቹ ኦርቶዶክስ መሆናቸውና የቀሩት እየተሸማቀቁ መምጣታቸው ነው። ባለፈው አንዱ ልጅ ተነሥቶ «የእኛን ጾም የማይጾም ሰው ምን ግብረ ገብ አለው?» ሲል ክፍሉ አጨበጨበ። ከዚያ ወዲህ ሙስሊሞቹም ፕሮቴስታንቶቹም እጅ ማውጣት ትተዋል።

አንድ ወላጅ መጥተው «ልጄን ሃይማኖት አስተምሪልኝ አላልሁም» አሉኝ። ሌላዋ ደግሞ «ፈጣሪ ሳይጠራ ምን ግብረ ገብ አለ?» ብለው ተቆጡ። ርዕሱን ልዝለለው እንዳልል፣ ልጆቹ እንዲህ ነቅተው የሚከታተሉት ሌላ ርዕስ የለም። እባካችሁ በተግባር የሞከራችሁትን ንገሩኝ።

መልስ (ርዕሰ መምህር)

እህቴ፣ እንዳትዘይው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካና ከባህል ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል። የተከለከለው ተጽዕኖው ነው እንጂ ስለ ሃይማኖት መወያየት አይደለም። አንቀጽ 27 ደግሞ ወላጆች ልጆቻቸውን በእምነታቸው መሠረት የማሳደግ መብት እንዳላቸው ይናገራል። ለሁለቱም ወላጆች መልስሽ አንድ ይሁን፦ እምነቱን እናንተ በቤታችሁ አስተምሩ፤ እኔ ልጆቹ የጎረቤታቸውን እምነት አውቀው እንዲከባበሩ አስተምራለሁ።

ክፍል ውስጥ አነጋገርሽን ጠብቂ። «እኛ እንጾማለን» ሳይሆን «የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ይጾማሉ» በይ፤ ስለ ሙስሊሞችም ልክ እንደዚያው። አንቺ «እኛ» ስትይ ውጭ የሚቀር ልጅ አለ። ያ የጾሙ ነገር ሲነሳም ልጁን አታሸማቅቂው። «ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረመዳን 29 ወይም 30 ቀን ነው፤ ሁለቱም ከሰው ምን ይጠይቃሉ?» ብለሽ ለክፍሉ መልሺው። ራስን መግዛትና ለድሃ ማሰብ ከሁለቱም በኩል ይወጣል።

መልስ (ጡረታ የወጣሁ መምህር)

ልጄ፣ ከመጽሐፉ በፊት ዕድሩን አስጠኚያቸው። በከተማችን ብዙ ሰፈር ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንድ ዕድር ውስጥ ናቸው። የቤት ሥራው ይህ ይሁን፦ እያንዳንዱ ተማሪ ቤቱ ሄዶ «ከእኛ እምነት ውጭ የሆነ ጎረቤት ሲሞት ዕድራችን ምን ያደርጋል?» ብሎ ይጠይቅ። ድንኳኑን ማን ይተክላል? ቀብር ላይ እስከ የት ይሸኛል? ምግቡስ? በሠርግም በሐዘንም ለሙስሊሙ እርዱ ተለይቶ፣ ማብሰያው ተለይቶ እንደሚዘጋጅ ልጆቹ ሲያዩ ያደጉት ነው፤ ለምን እንደሆነ ግን ማንም አስረድቷቸው አያውቅም። እኔ ይህን ሳስተምር «መለየቱ መናናቅ ነው ወይስ መከባበር?» ብዬ ክፍሉን አከራክር ነበር። አንዳንዱ መናናቅ ነው ይላል። ያንን የሚመልስለት ከእኔ ይልቅ እናቱ የነገረችውን ይዞ የመጣ ሌላ ልጅ ነው። ለዚህ ክርክር ሁለት ክፍለ ጊዜ ያዢለት፤ አንዱ አይበቃም።

መልስ (የታሪክ መምህርት፣ ሙስሊም እናትም ነኝ)

ጋሼ ያሉት ልክ ነው። እኔ የምጨምረው፣ ሙስሊሞቹን ልጆች «እናንተ ሃይማኖት ውስጥ እንዴት ነው?» ብለሽ አታስነሺያቸው። የ15 ዓመት ልጅ የእስልምና ጠበቃ ሆና መቆም የለባትም። ሳትጠየቅ ከተናገረች ግን ደስ ይበልሽ።

ታሪኩን ከአክሱም ጀምሪው። እንደ ፈረንጆቹ በ615 ገደማ የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ከመካ ስደት ሸሽተው ወደ አክሱም መጡ፤ ክርስቲያኑ ንጉሥም አሳልፎ አልሰጣቸውም። በእስልምና ትውፊት ጃዕፈር በንጉሡ ፊት ስለ መርየም የሚናገረውን የቁርኣን ክፍል እንዳነበበ ይነገራል። ይህን ስትነግሪያቸው ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ልጅ ቀና ይላል። የንጉሡ ውሳኔ ፍትሕ ነው ወይስ ርኅራኄ ብለሽ ጠይቂያቸው።

መልስ (ወጣት መምህር)

ቄስና ሼህ ብትጋብዢስ? ወይም ዘጌ ውሰጃቸው፣ ገዳማቱን ይዩ።

መልስ (ርዕሰ መምህር)

ወንድሜ፣ ሁለቱም ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። እንግዶቹ ከመጡ በአንድ ቀን፣ በእኩል ሰዓት ይምጡ፤ ጥያቄውም አስቀድሞ በጽሑፍ ይድረሳቸው፦ «ስለ አደራ፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ይቅርታ እምነትዎ ምን ያስተምራል?» ከዚህ ከወጣ ስብከት ይሆናል። ገዳምን በተመለከተ ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም፤ ግማሹን ክፍል ጀልባ ላይ ትተሽ ምን ታስተምሪያለሽ? ዑራ ኪዳነ ምሕረት ይሻላል፤ የሁሉም ወላጅ ፈቃድ ይኑር፤ አለመሄድም ነጥብ አያስቀንስ። እኔ ብሆን እግረ መንገዴን በሐይቁ ዳር ከደንገል ታንኳ የሚሠሩትን የነገደ ወይጦ ሰዎች አስጎበኛለሁ። ሙስሊሞች ናቸው፤ ለዘመናት በጎረቤቶቻቸው ሲገለሉ ኖረዋል። እኩልነትን ለማስተማር ከዚህ የቀረበ የት ይገኛል?

ጥያቄ (መምህርት፣ ባሕር ዳር)

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። በዕድሩ እጀምራለሁ። አንድ ነገር ቀረኝ፦ ፈተናው ላይ ምን ልጠይቅ? እምነትን እንዴት አርማለሁ?

መልስ (ጡረታ የወጣሁ መምህር)

እምነት አይታረምም፣ ልጄ። ገጠመኝ ስጪያቸው፦ ተማሪው ባጃጅ ውስጥ ስልክ አገኘ፤ እናቱ ታማለች፣ መድኃኒት መግዣም የለውም። ምን ያድርግ? ከሃይማኖቱ ጠቅሶ ቢመልስም ሳይጠቅስ ቢመልስም እኩል ነው። ነጥቡን የምትሰጪው ምክንያቱን ካስረዳ፣ የስልኩን ባለቤት ካሰበ፣ ከእርሱ የተለየ ሐሳብ ያለው ሰው ምን ሊል እንደሚችል ከጻፈ ነው። እነዚህን ሦስቱን ከፈተናው በፊት ሰሌዳ ላይ ጻፊላቸው።